አደራ አይበሳም

ድሪሉን የተዋስኩት ከጎረቤታችን ከእንጨት ሠራተኛው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ካያኳን፣ በመቅዘፊያ የምትሄደዋን ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ፣ ግቢ ውስጥ ሁለት በርጩማ ላይ አሳርፌ፣ ሜትር ዘርግቼ፣ በእርሳስ አራት ነጥብ አድርጌባታለሁ፤ ሁለት ከአፍንጫዋ አጠገብ፣ ሁለት ከጭራዋ። የድሪሉን ጫፍ የመጀመሪያው ነጥብ ላይ አስጠግቼ ቁልፉን ልጫን ስል እናቴ የቡና መቁያዋን እንደያዘች ከበረንዳው ብቅ አለች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«የመልህቅ ማሰሪያ ልገጥምላት ነው እማዬ።»

«የሰው አደራ ትበሳለህ?»

ሌላ ምንም አላለችም፤ ቡናዋን ልትቆላ ገባች። እኔም ድሪሉን ከሶኬቱ ነቅዬ ያን ዕለት ለባለቤቱ መለስኩለት።

ካያኳ የእኔ አይደለችም። የአክስቴ ልጅ ብዙ ዓመት ውጭ አገር ኖሮ ጠቅልዬ ገባሁ ብሎ ሲመጣ ከቤት ዕቃው ጋር በኮንቴይነር ያስገባት ናት። ዓመት ሳይሞላው ሥራው መልሶ ወሰደው። ሲሄድ ቁልፍም ሰነድም አልሰጠኝም፤ ጀልባዋ ላይ እጁን አሳርፎ «ጣና ላይ አውጣት፣ ዝም ብላ ፀሐይ አይብላት። ግን አደራ» አለኝ። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ያውቃል። ገንዘብ ቢያበድረኝ በተሻለኝ ነበር፤ ብድር ይከፈላል።

ሦስት ሜትር ከስድሳ ርዝመት አላት። ወገቧ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ቢጫ ናት፣ ሰው ውስጧ ሳይሆን ላይዋ ነው የሚቀመጠው። ለዓሣ ማጥመጃ ተብላ የተሠራች ስለሆነች የዘንግ ማቆሚያ አላት፣ ከመቀመጫዋ ኋላ የዕቃ ቦታ አላት። መልህቅ ግን የላትም፣ መልህቅ የሚታሰርበትም የላትም። ለመንሸራሸር ብቻ ቢሆን ባላስፈለገኝ። ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ግን አንድ ቦታ መቆም ግማሹ ሥራ ነው፤ በተለይ ጣና ላይ።

ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ገደማ ውሃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ከዚያ ፀሐይዋ መሬቱን ከውሃው ቀድማ ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ቀዝቃዛው የሐይቁ አየር ቦታውን ሊይዝ ወደ ከተማው ይመጣል። መጀመሪያ ዘንባባዎቹ ያውቁታል። ቀጥሎ ውሃው ይሸበሸባል። ባዶዋን ሠላሳ ኪሎ የማትሞላ ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ነፋሱን የሚያውቀው የጣለው መንጠቆ ከኋላው ሲቀር ነው። መቅዘፊያ ባነሡ ቁጥር ዘንግ ማስቀመጥ ነው፣ ዘንግ ባነሡ ቁጥር ወደ ድንጋዩ መገፋት ነው። በሁለት እጅ አራት ሥራ አይሠራም።

ታዲያ ለምን ልበሳት ፈለግሁ? ሁሉም ሰው እንዲያ ስለሚያደርግ ነው። ትንንሽ ማያያዣዎችን በብሎን መግጠም የተለመደ ነው፣ አያያዛቸውም ጥሩ ነው። ችግሩ ግን ከአደራውም በላይ ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ድሪሉን ከመለስኩ በኋላ ተረጋግቼ ሳስብ ነው። ጀልባዋ የተሠራችበት ፕላስቲክ ፖሊኢትሊን ይባላል፤ የቤታችን ቢጫ ጀሪካን ዘመድ ነው። የተሰነጠቀ ጀሪካን በማጣበቂያ ለመድፈን የሞከረ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ለዚህ ነው እናቶቻችን ጀሪካን የሚደፍኑት ቢላ በእሳት አግለው ራሱን ፕላስቲኩን በማቅለጥ። በስሕተት የተበሳ ቀዳዳ እንደነበረ አይመለስም። ሆዷ ደግሞ ዝግ ነው። ከውስጥ እጅ አስገብቶ የብሎኑን ዳዶ የሚይዝ ሰው የለም፤ ውሃ ቀስ እያለ ቢገባም ከላይ አይታይም። ጀልባዋ እየከበደች ትሄዳለች፣ ቀዛፊው ደክሞኝ ነው ይላል።

መጀመሪያ የሞከርኩት መፍትሔ ግን ከቀዳዳውም የባሰ ነበር።

አንድ አምስት ኪሎ የሚሆን ድንጋይ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን በናይለን ገመድ ጠፍሬ፣ የገመዱን ሌላ ጫፍ ከመቀመጫዬ ጎን ካለችው ማሰሪያ ላይ አሰርኩት። እጄ የሚደርሰው እዚያ ነበርና። ከከተማችን ሰፈር ከሽምብጥ ፊት ለፊት ወጣ ብዬ ጣልኩት፣ ያዘ፣ ደስ አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ንጉሥ ቁጭ ብዬ አጠመድኩ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነፋሱ መጣ። ጀልባዋ ጎኗን ለሞገዱ ሰጥታ ተንጋደደች። ሞገዱ ሊያነሣት ሲል ገመዱ በዚያው በኩል ወደ ታች ያዛት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ሞገድ ላይ ውሃው ጭኔ ላይ ነበር፤ አራተኛው ላይ እኔ ውሃው ውስጥ ነበርኩ። የለበስኩት የሕይወት አድን ጃኬት ብቅ አደረገኝ። ዘንጌ ሰመጠ። ጀልባዋ ተገልብጣ፣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ፣ እኔው በሰጠኋት ድንጋይ ታስራ ትናጥ ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም፤ ለአክስቴ ልጅ ምን ብዬ እንደምደውል ነበር።

የደረሰልኝ በታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ከተማ የሚመጣ ወጣት ነው። ገመዱን በቢላ ቆረጠልኝና ጀልባዋን አብረን ገለበጥናት። ዳር ከደረስን በኋላ ገመዱ የታሰረበትን ቦታ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ ጋ ና» አለኝ።

አባቱ ታንኳ ይሠራሉ። ከነገደ ወይጦ ናቸው፤ በጣና ዙሪያ ታንኳ ስለሚሠራበት ተክል፣ ስለ ደንገል፣ እነሱን የሚያህል የሚያውቅ የለም። ስደርስ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው የደረቀ ደንገል እየመረጡ ነዶ ነዶ ያደርጋሉ። እንደምን ዋሉ ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ የሆነውን ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ከየት አሰርካት ልጄ?»

«ከጎኗ።»

«ጎኗን ካሰርካት ትጠጣለች። በቅሎ በጆሮዋ ነው እንዴ የምትጎተት? ከአፍንጫዋ እሰራት፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞራለች።»

«ከአፍንጫዋ እንዳላስር እጄ አይደርስም አባባ። እንዳልበሳት ደግሞ የሰው ናት።»

ደንገሉን አስቀመጡና አዩኝ። «ምን ሊበሳት? ይቺ» አሉ በግማሽ የተሠራችውን ታንኳ በመዳፋቸው መታ እያደረጉ፣ «አንድ ምስማር አላት?»

የላትም። ዕድሜዬን ሙሉ ታንኳ እያየሁ ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ታንኳ ላይ ምስማር የለም፣ ብሎን የለም፣ ማጣበቂያ የለም። ደንገሉ ተቆርጦ ይደርቃል፣ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶው ከነዶው ጋር ይታሰራል፣ አፍንጫዋ በገመድ ተወጥራ ወደ ላይ ትቀናለች። ድሮ በልጥ ነበር የምናስረው፣ አሁን ናይለኑም ይገባበታል አሉኝ። የደንገሉ ውስጥ አየር የተሞላ ስፖንጅ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ስፖንጅ ስለሆነም ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትታ ፀሐይ ላይ ትደርቃለች። በወራት ውስጥ ታረጃለች። ስታረጅ ማሰሪያው ይፈታል፣ በሌላ ደንገል ሌላ ትሠራለች።

ለእኔ ይህን የሚያህል ትምህርት አልተገኘም። ሰው ስለ ታንኳ ሲያወራ «ጥንታዊ» ብሎ ያልፋታል፤ ለቱሪስት ፎቶ የቀረች ያስመስላታል። ግን ገመድ በትክክለኛው ቦታ መኖሩና አለመኖሩ ምን እንደሚያደርግ ከታንኳ ሠሪ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ሊያቋርጥባት «ራ» ብሎ የሰየማትን የደንገል ጀልባ ሲያሠራ፣ ደንገሉ የሄደው ከዚሁ ከጣና ነበር። ግብፅ ውስጥ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ሠሯት፤ ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙውን መንገድ ከጨረሰች በኋላ ጭራዋ እየሰመጠ ተተወች። ኋላ ሲመረመር፣ በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ የሚታየው፣ ጭራዋን ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ መቅረቱ ነው የጎዳት። የጣና ደንገል ውቅያኖስ ችሎ ነበር። የጎደለው ገመድ ነበር።

አዛውንቱ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ካያክ ነክተው አያውቁም፤ ግን ነገሩን ከእኔ በፊት ጨረሱት። ጥያቄው «ምን ላይ ልግጠም?» አልነበረም። «ቀድሞ ምን አላት?» ነበር። አፍንጫዋ ላይ መሸከሚያ እጀታ አላት፣ ጭራዋም ላይ እንዲሁ። ፋብሪካው ሲሠራት የጀልባዋን ክብደት እንዲችሉ አድርጎ ያሰራቸው ናቸው። የእኔ ሥራ በሁለቱ መካከል ገመድ መዘርጋት ብቻ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት የሚቀለኝ በትምህርት ቤት ባንዲራ ነው። የባንዲራው ገመድ ከታች ተነሥቶ ጫፉ ላይ ባለች ፑሊ ዞሮ ይመለሳል፣ ዙሪያው ዝግ ነው። አንዱን ጎን ስትስብ ባንዲራው ይወጣል፣ ሌላውን ስትስብ ይወርዳል፤ ሰቃዩ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ያን ገመድ አጋድሙት። ምሰሶው የጀልባዋ ጎን ይሁን፣ ባንዲራው ደግሞ አንዲት የብረት ቀለበት። መቀመጫዬ ላይ ሆኜ የላይኛውን ገመድ ስስብ ቀለበቷ ወደ አፍንጫዋ ትሄዳለች፣ የታችኛውን ስስብ ወደ ጭራዋ። የመልህቁ ገመድ በዚያች ቀለበት ውስጥ ያልፋል። መልህቁን የምጥለው ከጉልበቴ አጠገብ ነው፤ ጀልባዋን የሚይዛት ግን ቀለበቷ ባለችበት ነው።

ዕቃው ያለቀው በአንድ ከሰዓት ነው። ቅዳሜ ገበያ አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ገመድ ስምንት ሜትር ገዛሁ፤ ሁለት ትንንሽ ፑሊም ከብረታ ብረት መደብር አገኘሁ። ፑሊ ያጣ ሰው ለስላሳ የብረት ቀለበት ቢጠቀምም ይሠራለታል፣ ገመዱ ትንሽ ይከብደዋል እንጂ። ፑሊዎቹን እጀታዎቹ ላይ ያሰርኳቸው በገመድ ነው፤ ብረት በቀጥታ እጀታው ላይ ካረፈ ፕላስቲኩን ይፈገፍገዋል። ከመቀመጫዬ አጠገብ፣ ጥንቱን በነበረችው የዘንግ ማቆሚያ ብሎን ሥር፣ ገመዱ እንዳይንጠለጠል የምትይዝ አንዲት ለስላሳ ቀለበት አሰርኩ። ከዚያ ወደ ጎሚስታ ሄድኩ። የተጣለ የብስክሌት ከመነዳሪ ለመንኩት፣ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጦ በነፃ ሰጠኝ። እሷን የገመዱ ሁለት ጫፎች ቀለበቷ ላይ በሚገናኙበት ቦታ አንዱ ጎን ላይ ጣልቃ አስገባኋት። ገመዱ ሲረጥብ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ ጎማዋ ሁልጊዜ ወጥራ ትይዘዋለች። የላላ ገመድ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሰውን እግር ስለሚይዝ ይህችን ቁራጭ አትናቋት።

እጀታዋ የላላ ወይም የተሰነጠቀ ጀልባ ያለው ሰው ሌላ መንገድ አለው። ላይዋ የሚቀመጡባት ካያክ ወለሏ ላይ ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች አሏት፤ ፋብሪካው አብሮ ያወጣቸው ቱቦዎች ናቸው፣ ወደ ሆዷ አይገቡም። የጭነት ማሰሪያ ጠፍር በአንዱ አስገብቶ በጎኗ ዞሮ መመለስ ይቻላል። እኔ ግን እንደ ሁለተኛ ምርጫ ነው የማየው። የቱቦዎቹ ጠርዝ ቀጭን ነው፤ ጠፍሩ ሲወጠር ሊሰነጠቅ ይችላል።

መልህቁን ያሠራሁት ብየዳ ቤት ነው። አርባ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ ለግንዱ፣ እያንዳንዳቸው ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ባለ 10 ቶንዲኖ ለጣቶቹ፤ ጣቶቹ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ የጎበጡ። ጠቅላላ ኪሎ ከሩብ ያህል ሆነ። በያጁ ጫፎቹን ሊያሾልልኝ ነበር፤ አይሆንም ብዬ ዱልዱም አስደረግኳቸው። ጦር የመሰለ ብረት ይዞ በፕላስቲክ ጀልባ ላይ መቀመጥ ሳይበሱ ለመኖር የተደረገውን ልፋት ሁሉ ገደል መክተት ነው። የምይዘውም አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ አድርጌ ነው።

እዚህ ላይ ሰው አብዝቶ የሚሳሳትበትን ልናገር። መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ አይደለም። በክብደት ቢሆን የእኔ አምስት ኪሎ ድንጋይ ከኪሎ ከሩብ ብረት በተሻለ ነበር። የሚይዘው በአሳሳቡ ነው። ገመዱ ወደ ላይ ከሳበው ይነቀላል፣ ወደ ጎን ከሳበው ይቀበራል። ስለዚህ ገመዱ ከጥልቀቱ በብዙ መብለጥ አለበት። ጥልቀቱ አራት ሜትር ሆኖ ስምንት ሜትር ገመድ ብቻ ከለቀቅኩ፣ ገመዱ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው፤ ሃያ ሜትር ከለቀቅኩ 12 ዲግሪ አይሞላም። የጥልቀቱ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ፀጥ ባለ ጠዋት ሦስት እጥፍም ይበቃኛል። በመልህቁና በገመዱ መካከል አንድ ሜትር ሰንሰለት አለ፣ እሱ ደግሞ የገመዱን ጫፍ ወለሉ ላይ ያስተኛዋል። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ወለሉ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣሎ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩን ለሚያጠምድ ሰው ሠላሳ ሜትር ገመድ ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ ድንጋይ ነው። ጣና የተፈጠረው የቀለጠ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የውሃውን መውጫ ስለገደበው ነው፤ በባሕር ዳር በኩል ያለው ዳርም የዚያው ጥቁር ድንጋይ ነው። መልህቅ በሁለት ድንጋዮች መካከል ከገባ አይወጣም። የመጀመሪያውን መልህቄን ለጣና የሰጠሁት እንዲህ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጎትቼ፣ ገመዱን በቢላ ቆርጬ፣ አዝኜ ገባሁ። ሁለተኛውን ሳሠራ መላውን ተምሬ ነበር። ሰንሰለቱ የሚታሰረው ከላይ ካለው ቀለበት ሳይሆን ከታች፣ ጣቶቹ ከሚገናኙበት ሥር ነው። ከዚያ ሰንሰለቱ ግንዱን ተከትሎ ወጥቶ ላይኛው ቀለበት ላይ በቀጭን ሲባጎ ብቻ ይያዛል። በደኅናው ጊዜ መልህቁ እንደማንኛውም መልህቅ ከራሱ ይሳባል። ድንጋይ ሲይዘው ጀልባዋን ቀዝፌ ወደ ተቃራኒው ጎን እሄድና በኃይል እስባለሁ፤ ሲባጎዋ ትበጠሳለች፣ መልህቁ በእግሩ ተስቦ በገባበት መንገድ ወደ ኋላ ይወጣል። የሲባጎውን ልክ ዳር ላይ ሆኖ መፈተን ያስፈልጋል። በእጅ ጉልበት የምትበጠስ፣ በነፋስ የማትበጠስ። እኔ ሁለት ዙር አድርጌ አስራታለሁ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎም ኪሴ ውስጥ አይጠፋም።

ጭቃው ላይ ሌላ ነገር ነው። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በየክረምቱ አፈር ተሸክመው ይገባሉ፤ ወንዝ በሚገባበት አቅራቢያ ወለሉ ለስላሳ ስለሆነ አራት ጣት ብረት እንደ ማበጠሪያ ያልፍበታል። ውሃው ከአንድ ሜትር ተኩል በማይበልጥበት ቦታ መልህቁን ጨርሶ ትቻለሁ። ሦስት ሜትር የሚሆን ቀርከሃ ጭቃው ውስጥ እተክልና ቀለበቷን በአጭር ገመድ እሱ ላይ አስራለሁ። ድምፅ የለው፣ ሰንሰለት አይንኳኳ፣ ዓሣው አይደነግጥ። ይህንንም ያየሁት ከታንኳ ቀዛፊዎች ነው፤ የሚገፉበትን እንጨት ተክለው ሲያርፉ።

አሁን ወደ ጉማሬው ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ስጽፍ የቸኮልኩት ለእሱ ነው።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በደብረ ማርያም በኩል ጉማሬ እንዳለ የከተማው ልጅ ሁሉ ያውቃል። መውጫው ላይ፣ ውሃው መሳብ በሚጀምርበት ቦታ፣ መልህቅ ጥዬ አላውቅም፣ ማንም እንዲጥል አልመክርም፤ የሚሄድ ውሃ ላይ የታሰረች ትንሽ ጀልባ አፍንጫዋ ተስቦ ትሰምጣለች። ያን ቀን የነበርኩት ከዚያ ራቅ ብዬ፣ ፀጥ ያለ ውሃ ላይ፣ ከደንገሉ አጠገብ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቀረሶ ዓሣ እየያዘልኝ ነበር። ከሃምሳ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አንድ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማውን የመሰለ። ሁለት ጆሮ ወጣ። ተመልሶ ሰመጠ። ጉማሬ ሰምጦ የት እንደሚወጣ አይታወቅም።

ሃያ ሜትር ገመድ ለመሰብሰብ ጊዜ አልነበረም። መሰብሰብም አላስፈለገኝም። የመልህቁ ገመድ ጫፍ ሦስት ሊትር የምትይዝ ባዶ የዘይት ጀሪካን ላይ ታስሯል፣ ክዳኗ በደንብ የጠበቀ። ገመዱን ከጀልባዋ ጋር የሚይዘው ደግሞ አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው፤ እናቴ ገጠር ሳለች ጥጃ የምታስርበት ቋጠሮ። ጥጃው የፈለገውን ያህል ቢስብ ይጠብቃል እንጂ አይለቅም፤ የተረፈውን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት ግን በአንድ ጊዜ ይፈታል። ሳብ አደረግኩት። ጀሪካኗን ወረወርኩ። መቅዘፊያውን አንሥቼ ወደ ዳር በረርኩ። ትንፋሹ ሁለተኛ ሲሰማ ጀሪካኗ ካለችበት ብዙም አልራቀም ነበር፤ እኔ ግን ድንጋዩ ላይ ቆሜ ነበር። ከቀትር በፊት ተመልሼ ስሄድ ጀሪካኗ እዚያው ቢጫ ሆና ትጠብቀኛለች፤ ከሥሯ ገመዴ፣ ከገመዴ ሥር መልህቄ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የታሰረው ሁሉ የሚፈታበትን ጫፍ ሳላይ አልወጣም። ደረቴ ላይ ቢላ አለ። ጃኬቱን የምለብሰው ዳር ላይ እንጂ ውሃው መሐል ገብቼ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በደንብ መቆም ስትችል በደንብ ታጠምዳለህ፤ ይህ መልካም ብቻ አይደለም። በጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ የቢልጫ ዓሣ ዘሮች አሉ፤ አጥኚዎች ለይተው የሰየሟቸው 15 ያህል ናቸው። ግማሽ ያህሎቹ በክረምት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፣ ሲወጡም በወንዙ አፍ ይከማቻሉ። በእነዚያ ወራት ጉማራና ርብ አፍ ላይ መልህቅ መጣል ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ መያዝ ነው። በመረብ የሚደርስባቸው ከበቂ በላይ ነው፣ ቁጥራቸውም በጣም ቀንሷል። እኔ በክረምት ቀረሶና አምባዛ ይበቃኛል። ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ ይወደዳል፣ ጎረቤት ሁሉ ያስታውሰኛል፤ ያኔም ቢሆን ከቤታችን ድስት የተረፈውን ነው የማካፍለው።

የአክስቴ ልጅ ለገና መጣ። እንደሚመጣ ሲነግረኝ በዋዜማው ገመዱን ሁሉ ፈታሁ። ፑሊዎቹ፣ ቀለበቷ፣ ከመነዳሪዋ፣ ሁሉም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ገባ፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ጀልባዋን አጥቤ፣ ጥላ ሥር አስቀምጬ፣ እንደሰጠኝ ሆና ጠበቀችው። በመዳፉ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ዳሰሳት። አንድ ቦታ ላይ እጁ ቆመ።

«ይሄ ነጥብ ምንድን ነው?»

የእርሳሱን ነገር ረስቼው ነበር። አራቱም አሉ። ስለ ድሪሉ፣ ስለ እማዬ፣ ስለ አዛውንቱ፣ ስለ ጉማሬው ሁሉንም ነገርኩት። እናቴ ቡና እያቀረበች ስለነበር በመሐል እሷም የራሷን ጨመረች። የአክስቴ ልጅ ሦስተኛዋን ስኒ እስኪጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ታዲያ ገመዱ የታል?» አለ።

በማግስቱ ነፋሱ በሚነሣበት ሰዓት ሽምብጥ ዳር ነበርን። እኔ አሳየሁት፣ እሱ አሰረው። የፊቷን ፑሊ ሁለት ጊዜ ፈቶ ሁለት ጊዜ መልሶ አሰረ። ከዚያ ብቻውን ወጣ፣ እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። መልህቁን ከጉልበቱ አጠገብ ለቀቀው፣ ገመዱ እስኪወጠር ጠበቀ፣ ጀልባዋ ጎኗን ይዛ ቆመች። የላይኛውን ገመድ ሳበ። ቀለበቷ በጎኗ ተንሸራታ አፍንጫዋ ላይ ደረሰች፤ ቢጫዋ ጀልባም ቀስ ብላ ዞራ ፊቷን ወደ ሐይቁ አደረገች።